የልጅ መልክ ሸቀጥ ሲሆን የትርፉ ባለቤት ማን ነው?

ከመቱ ተነሥቶ በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ደጋውን የሚሰናበተው ቡሬ ላይ ነው። የኢሉባቦር ቡና በበቅሎና በሰው ሸክም ወደ ባሮ ወርዶ በእንፋሎት መርከብ ወደ ሱዳን ይሻገር በነበረበት ዘመን፥ ጭነቱ ከመነሣቱ በፊት ዕቃው የማን እንደ ሆነ፥ የሸክሙ ዋጋ ለማን እንደሚከፈልና ትርፉ በማን ስም እንደሚመዘገብ መታወቁ የንግድ ሁሉ መጀመሪያ ነበረ። ዛሬ ግን ይህ ጥያቄ ፈጽሞ የማይነሣበት አንድ ሸቀጥ በየከተማው ተስፋፍቷል።

ሸቀጡ በሚዛን አይመዘንም፥ በኬላም አያልፍም። ወላጆች የልጆቻቸውን ጨዋታ፥ ልቅሶና ቍጣ፥ የመኝታ ሰዓታቸውን እንኳ ሳይቀር በእጅ ስልክ እየቀረጹ ዩቲዩብና ቲክቶክ በተባሉት የኢንተርኔት መድረኮች ላይ ያወጣሉ፤ ተመልካች ሲበዛም ገንዘብ ይገኛል። ዩቲዩብ በረዣዥም ቪዲዮዎች ላይ ከሚታየው ማስታወቂያ ገቢ ከመቶ 55 እጅ ለገጹ ባለቤት ይከፍላል፤ ቲክቶክ ደግሞ በቀጥታ ስርጭት ጊዜ ተመልካች ከሚልከው ስጦታ የራሱን ድርሻ ቀንሶ ቀሪውን ያስረክባል። ለነጋዴ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ሦስተኛው መንገድ ነው። የሕፃናት ልብስ፥ ጫማ ወይም ብስኩት የሚሸጥ ባለሱቅ ብዙ ተመልካች ላላት እናት ገንዘብ ወይም ዕቃ ይሰጣል፤ ልጅቱም ሸቀጡን ለብሳ ወይም ይዛ ትታያለች። በዚህ ውል ውስጥ ከፋይ አለ፥ ተቀባይም አለ፤ ሥራውን የሠራችው ልጅ ግን ስሟ የትም አይገኝም።

የገቢው መጠን ቀላል አይደለም። ፎርብስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዝርዝር ከዩቲዩብ ባለገጾች ሁሉ ብልጫ ያገኘው ራያን የተባለ፥ በመጫወቻ እየተጫወተ የሚታይ የ7 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ሲሆን፥ የዓመቱ ገቢ 22 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። እንዲህ ያለው ዕድል ለእልፍ ቤተሰብ አንድ ጊዜ እንኳ አይደርስም፤ ወላጆችን ስልክ የሚያስነሣቸው ግን ያገኙት ገንዘብ ሳይሆን ተስፋው ነው።

አንዳንዶች፥ ልጅ ወላጁን መርዳቱ አዲስ ነገር አይደለም ይላሉ። እውነት ነው። በኢሉባቦር በቡና ለቀማ ወራት ከወላጁ ጋር ወደ ጫካ የማይወጣ፥ ከትምህርት ቤት መልስም በሱቅ የማይቀመጥ ልጅ ጥቂት ነው፤ ይህንንም ነውር የሚለው የለም። ነገር ግን ሁለቱ አይመሳሰሉም። የተለቀመው ቡና ተሸጦ ይሄዳል፥ ለቃሚውም ሲመሽ ወደ ቤቱ ይገባል። በሱቅ የተቀመጠ ልጅ ሳሙና ይሸጣል፤ በቪዲዮ የቀረበው ልጅ ግን ራሱ ሳሙናው ነው። በ3 ዓመቱ አልጋ አርሶ ሲቈጡት የተቀረጸው ሥዕል በ15 ዓመቱ በክፍል ጓደኞቹ ስልክ ላይ ይገኛል፤ የተባዛውን ሁሉ ለቅሞ መመለስም የሚቻል አይደለም። ሥራው የሚሠራውም በገዛ ቤቱ፥ አሠሪውም የገዛ አባቱ ስለ ሆነ፥ እንቢ ብሎ የሚሸሽበት ሌላ ቤት የለውም።

የገንዘቡን ነገር ዓለም አስቀድሞ በሲኒማ አይቶታል። ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር እ.ኤ.አ. በ1921 በወጣው ፊልም የታወቀው ጃኪ ኩገን በልጅነቱ በሚሊዮን የሚቈጠር ዶላር አገኘ፤ ለአካለ መጠን ሲደርስ ግን እናቱና የእንጀራ አባቱ አብዛኛውን እንዳጠፉት ተረዳ። እ.ኤ.አ. በ1938 ከሰሳቸው፤ የደረሰው ግን ወደ 126 ሺህ ዶላር ብቻ ነበረ። በዚሁ ምክንያት የካሊፎርኒያ ግዛት በ1939 ከልጅ ተዋንያን ገቢ ከፊሉ ለልጁ እንዲቀመጥ ደነገገ። ፈረንሳይ በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በታች የሆኑትን የኢንተርኔት ልጆች ወደዚህ ጥበቃ አስገባች፤ ልጁ የወላጁን ፈቃድ ሳይጠይቅ ሥዕሉ ከመድረኩ እንዲነሣለት የመጠየቅ መብትም ሰጠችው። የኢሊኖይ ግዛት ሕግ፥ መነሻው የአንዲት ተማሪ ደብዳቤ ሲሆን፥ ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወላጆች የልጁን ድርሻ በአደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጡ፥ ይህን ያላደረጉትንም ልጁ ሲያድግ እንዲከሳቸው ይፈቅዳል።

በኢትዮጵያ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁና በእነርሱ ጉዳይ ደኅንነታቸው እንዲቀድም ያዝዛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ ቍጥር 1156/2011 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ ይሁን እንጂ ዐዋጁ በቅጥር ላይ የቆመ ስለ ሆነ፥ በሳሎኑ ልጁን የሚቀርጸውን አባት አሠሪ ብሎ መያዝ ያስቸግራል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ወላጆችን የልጃቸው አሳዳሪና ሞግዚት ያደርጋቸዋል፤ ሞግዚትም የልጁን ንብረት ለልጁ ጥቅም የሚያስተዳድር እንጂ እንደ ራሱ ገንዘብ የሚያዝበት አይደለም። መሠረቱ እንግዲህ አለ፤ የጐደለው ገንዘቡን የሚያሳይ መዝገብ ነው።

መዝገቡን ለመጀመር ከፋዩ ነጋዴ ከሁሉ ይልቅ ምቹ ቦታ ላይ ነው፤ ገንዘቡ ከእርሱ ኪስ ይወጣልና። ከወላጅ ጋር የሚዋዋል አስመጪ ወይም ባለሱቅ፥ ከክፍያው የልጁ ድርሻ ስንት እንደ ሆነ በጽሑፍ ማስፈርና ድርሻውን በልጁ ስም በተከፈተ የባንክ ቁጠባ ሒሳብ ማስገባት ይችላል። ቀረጻው በትምህርት ሰዓት እንዳይሆን፥ ልጁ ሲያለቅስ፥ ሲታመም ወይም ራቁቱን ሆኖ እንዳይታይ በውሉ መጻፍ ወጪ የለውም። የቤቱ አድራሻና የትምህርት ቤቱ የደንብ ልብስም ባይታዩ ሸቀጡ ያው ይሸጣል። ለማስታወቂያውም እንደ ሱቅ ኪራይ ዘመን ይቈረጥለታል፤ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ሲሞላ ቪዲዮው ከሁለቱም ወገን ገጽ ይነሣል፤ ልጁ ከዚያ በፊት ይብቃኝ ያለ እንደ ሆነም ቀሪው ክፍያ ይቆማል እንጂ የተቀመጠለት ድርሻ አይነካም።