ጽሑፍ ፊት የለውም፤ በስልክ ስንጻጻፍ የስሜት ምልክቶችን እንዴት እንጠቀም?

ከደብረ ማርቆስ ጅዳ ላለ ወንድማችን «ጎበዝ ነህ!» ብለን ብንጽፍለት ምን ይረዳል? ፊት ለፊት ብንሆን ሙገሳ ይሁን ወቀሳ ከድምፃችንና ከገጽታችን ያውቀዋል። ጽሑፍ ግን ድምፅም ፊትም የለውም። በቴሌግራምና በዋትስአፕ ብዙ ቅያሜ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ምሁር ስኮት ፋልማን እ.ኤ.አ. መስከረም 19 ቀን 1982 ለዚህ ችግር መላ አቀረቡ። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቻቸው በኮምፒውተር ሲጻጻፉ ቀልድ እንደ ቁም ነገር እየተወሰደ ያጨቃጭቅ ነበር። ስለዚህ ለቀልድ :-) ለቁም ነገር ደግሞ :-( እንጻፍ አሉ። ሁለቱ ነጥቦች ዓይን፣ ሰረዙ አፍንጫ፣ ቅንፉ አፍ መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ምልክት ኋላ ላይ የሐዘን መግለጫ ሆነ። በ1999 ደግሞ የጃፓኑ የስልክ ኩባንያ ዶኮሞ 176 ትንንሽ ሥዕሎችን አወጣ። ዛሬ ኢሞጂ የምንላቸው ከእነዚህ የቀጠሉ ናቸው። ሒጃብ የለበሰችው ሴት ምስል በ2017 የተጨመረችው በጀርመን ትኖር የነበረች የ15 ዓመት ሳዑዲያዊት ተማሪ ራዩፍ አልሁመይዲ ባቀረበችው ጥያቄ ነው።

የእኛም ጽሑፍ የራሱ ምልክት አለው፤ ትእምርተ ስላቅ ይባላል። የተገለበጠ ቃለ አጋኖ ሲሆን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ይገባል። «ጎበዝ ነህ¡» ከተባለ ሙገሳ ሳይሆን ስላቅ ነው።

ምልክት ግን ሁሌም አያግባባም። እንባ የሚያፈሰው ሳቂታ ፊት ከሳቅ ብዛት ያነባ እንጂ የሚያለቅስ አይደለም። በሞት ዜና ሥር በስህተት ሲቀመጥ ሐዘንተኛን ያቆስላል። የተጋጠሙትን ሁለት መዳፎች አንዱ ልመና፣ ሌላው ምስጋና ይላቸዋል። ለዱዓ እንደምንዘረጋው ያሉት ክፍት መዳፎች ደግሞ በ2017 ለብቻቸው ተጨምረዋል።

ሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ አንዱ በሌላው ላይ እንዳይሳለቅ ይከለክላል። በስልክ የላክነው የሳቅ ፊትም ከስላቅ ሊቆጠር ይችላል። ስለዚህ ለቀልድና ለዒድ የደስታ መግለጫ ምልክቱ ይበቃል። ለለቅሶና ለእርቅ ግን «አላህ ይዘንላቸው፤ ለቤተሰቡም ሶብሩን ይስጥ» ብለን በቃል እንጻፍ፤ ከተቻለም ደውለን ድምፃችንን እናሰማ።