ባሕር በሌለበት ደጋ መርከብ መሥራት

ክረምት ሲገባ ደብረ ማርቆስ ውስጥ መርከብ ይበዛል። ከደብተር መሐል የተቀደደ ወረቀት ይታጠፋል፣ ይገለበጣል፣ ጫፍና ጫፉ ይሳባል፤ ከዚያ ጎርፍ በሞላው ቦይ ላይ ይለቀቃል። ልጆቹ ዳር ዳሩን እየሮጡ ይከተሉታል። አንዱ ድልድይ ሥር ገብቶ ይቀራል፣ ሌላው ወረቀቱ ርሶ በጎኑ ይተኛል። ከተማዋ፣ የጥንቷ መንቆረር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከየትኛውም ባሕር የራቀች ደጋ ናት። ቢሆንም መርከብ ፊቷ ሹል፣ ሆዷ ሰፊ መሆን እንዳለበት ልጆቹ ማንም ሳያስተምራቸው ያውቃሉ።

ከጭቃ በሬ፣ ከሽቦ መኪና፣ ከበቆሎ አገዳ ጋሪ እየሠራ ላደገ ሰው፣ በሌላው ዓለም አዋቂዎች ሳይቀሩ ወራት የሚያሳልፉበት አንድ ሥራ እንግዳ አይሆንበትም፦ በትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች ባለሸራ መርከብ መሥራት። ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል እያዩ መገጣጠም ማለት አይደለም። መርከቧን ራስ መንደፍ፣ ጡቡን እየቆጠሩ ማሰባሰብ፣ ሲፈርስም እንደ ገና መጀመር ነው።

ጡቡን ብዙ ሰው «ሌጎ» ብሎ ያውቀዋል። ስሙ የዴንማርክ ኩባንያ ስም ነው። ኦሌ ኪርክ ክርስቲያንሰን የተባለ አናጢ እ.ኤ.አ. በ1932 ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ የእንጨት መጫወቻ ወደ መሥራት ገባ። ከሁለት ዓመት በኋላ «ደህና ተጫወት» ከሚሉ ሁለት የዴንማርክ ቃላት ቆርጦ «ሌጎ» የሚለውን ስም አወጣ። ዛሬ የምናውቀው፣ ከላይ ጉብታ ከውስጥ ቱቦ ያለው ጡብ የፈጠራ መብት እንዲሰጠው ማመልከቻ የገባው ጥር 20 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው። የታችኛው ጡብ ጉብታ በላይኛው ቱቦና ግድግዳ መካከል ተጣብቆ ስለሚገባ ያለ ሙጫ ይያያዛል፤ የልጅ እጅም ያላቅቀዋል። ስምንት ስምንት ጉብታ ያላቸው ስድስት ተመሳሳይ ጡቦች ብቻ በ915,103,765 መንገድ ሊገጣጠሙ ይችላሉ።

ከዚያ ሁሉ መንገድ ወደ መርከብ የሚያደርሰው ጥቂቱ ነው። ቤት ይቀላል፤ ግድግዳውም ቀጥ ያለ፣ ጡቡም ቀጥ ያለ ነው። መርከብ ላይ ግን ቀጥ ያለ መስመር በጭንቅ ይገኛል። ጎኗ ከመሐል ወደ ፊት እየጠበበ ይሄዳል፤ እየጠበበ ሳለም ወደ ላይ ይነሣል፤ ከአፏ ወደ ሥሯ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል። ሦስቱ ጥምዝ በአንድ ጊዜ ይመጣል ማለት ነው። ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 የባሕር ወንበዴ መርከቦቹን ገበያ ላይ ሲያውል የመርከቧን አካል በትልልቅ ወጥ ክፍሎች አዘጋጅቶ ነበር ያቀረበው። ለልጅ ጥሩ አቋራጭ ነው። የራሱን መርከብ የሚነድፍ ሰው ግን በዚያ መንገድ ከሄደ የመርከቧ ወርድና ቅርፅ አስቀድሞ በሌላ ሰው ተወስኖበታል።

መፍትሔውን የጎጃም እናቶች በየቤታቸው ይዘውታል፤ መሶብ ላይ ነው። ስንደዶው ቀጥ ያለ ነው፣ አክርማውም እንደዚያው። ሰፊዋ ግን እያንዳንዱን ዙር ከሥሩ ካለው ጥቂት ወጣ ወይም ጥቂት ገባ እያደረገች ስትሄድ፣ ቀጥ ካለው ሣር ሆድ ያለው ዕቃ ይወጣል። በጡብም እንደዚሁ ነው። የመርከቧ ጎን ከመሐል ተነሥቶ ስድስት ጉብታ ያህል ቀጥ ብሎ ይሄድና አንድ ጉብታ ወደ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ አራት ሄዶ አንድ ይገባል፤ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ ሁለት፣ መጨረሻ ላይ አንድ በአንድ። ሁልጊዜ ሦስት ሦስት እየሄደ ቢገባ የሚወጣው ሰያፍ መስመር ነው፤ እርምጃው እያጠረ ሲመጣ ግን ጥምዝ ይሆናል። አፍንጫን አስጠግቶ ለሚያይ ደረጃ ነው። ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ለቆመ ግን የመርከብ ጎን ነው።

ደረጃውን ማለስለስ የሚፈልግ ሠሪ ጡቡን በጎኑ አስተኝቶ ይገነባል። እዚህ ላይ ቁጥር ያስፈልጋል። ከአንዱ ጉብታ መሐል እስከ ቀጣዩ መሐል 8 ሚሊ ሜትር ነው። የሙሉው ጡብ ሲሶ የሆነው ስስ ጡብ ደግሞ 3.2 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። አምስት ስስ ጡቦች ሲደራረቡ 16 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ የሁለት ጉብታ ወርድም 16 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህች እኩልነት የተነሣ በጎኑ የተኛው ክፍል ከቆመው ጋር ያለ ክፍተት ይገጥማል፤ ለስላሳው ገጽ ወደ ውጭ ዞሮ የመርከቧ ቆዳ ይሆናል። ቀሪው የግንበኛ ሕግ ነው። ብሎኬት የሚደረድር ሰው መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ እንዲወድቅ እንደማይፈቅድ ሁሉ፣ እዚህም እያንዳንዱ ጡብ ከሥሩ ያሉትን ሁለት ጡቦች መንከስ አለበት። ይህን የዘነጋ ሰው ገና መርከቧን ሲያነሣት ከወገቧ ለሁለት ትከፈልበታለች።

እንዲህ ከትንንሽ ጡብ የተሠሩ መርከቦች ቦታቸው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ውሃ ላይ ቢወጡ አይቆዩም። በየመጋጠሚያው ውሃ ይገባል፤ ፕላስቲኩም ከውሃ ጥቂት ይከብዳል። ከትንንሽ ተመሳሳይ ቁራጮች ተሠርታ በእርግጥ የምትንሳፈፈው መርከብ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሰሜን፣ ጣና ዳር ናት።

የጣና ታንኳ ከደንገል ትሠራለች። የደንገል ግንድ ማዕዘኑ ሦስት ነው፤ ውስጡ እንደ ስፖንጅ አየር የያዘ ነው። አንዱን ግንድ ብቻውን ቢይዙት በእጅ ይሰበራል። ይታጨዳል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ከዚያ በእቅፍ በእቅፉ ይታሰራል። እሥሩ ከእሥር ጋር ይያያዛል፣ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለሳል። ይህን ሙያ ከትውልድ ትውልድ ይዘው የቆዩት በተለይ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው። ታንኳ ሚስማር አታውቅም። በእርሷ ዓሣ ተጠምዷል፤ እንጨትና ሸቀጥ ተጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ ተቀዝፏል። ውሃ ስለምትጠጣ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥታ ትደርቃለች፤ ከጥቂት ወራት በኋላም በአዲስ ትተካለች። ዛሬ የደንገሉ ቦታ እየጠበበ ነው፤ እርሻ ከአንድ ወገን፣ እምቦጭ ከሌላው ወገን እየገፋው። ደንገሉ ካለቀ የሚጠፋው ሣሩ ብቻ አይደለም፤ እጅ የሚያውቀው ሥራም አብሮት ይሄዳል።

በ1961 ዓ.ም. ይኸው የጣና ደንገል አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወጣ።

ነገሩ የኖርዌዩ ተመራማሪ የቶር ሄየርዳል ሐሳብ ነበር። የጥንት ግብፃውያን ያውቋቸው የነበሩት የደንገል መርከቦች ውቅያኖስ ሊሻገሩ ይችሉ እንደነበር በሥራ ማሳየት ፈለገ። ደንገሉ ከጣና ተጓጓዘ። ሠሪዎቹ ከቻድ ሐይቅ የመጡ የቡዱማ ሰዎች ነበሩ፤ የሐይቃቸውን የቄጠማ ጀልባ መሥራት ያውቁበታል። ንድፉ ከግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ሥዕል ተወሰደ፤ ግንባታውም የተካሄደው በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ነው። መርከቧ በግብፃውያን የፀሐይ አምላክ ስም «ራ» ተባለች። ግንቦት 17 ቀን 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮ የሳፊ ወደብ ሰባት ሰዎችን ይዛ ተነሣች፤ ከሰባቱ አንዱ ከሠሪዎቿ መካከል የነበረው የቻዱ አብዱላዬ ጅብሪን ነው።

ጉዞው ገና ሲጀመር የመሪ መቅዘፊያዎቿ ተሰበሩ። ደንገሉ ግን ብዙዎች ከገመቱት በላይ ጠነከረ። መርከቧን የጎዳት ሌላ ነገር ነበር፤ ንድፍ ለሚወድ ሰው ከታሪኩ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። በጥንቶቹ ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ ከተጠመዘዘው የመርከቧ ጭራ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ወለሏ የሚወርድ አንድ ገመድ ይታያል። ጭራውን እንደ ቀስት ወጥሮ ለማጉበጥ ብቻ የታሰረ ይመስላል። ራ ስትሠራ ጭራዋ ያለ ገመዱም ጎብጦ ቆመ፤ ስለዚህ ገመዱ ቀረ። ውቅያኖሱ ላይ ሲደርሱ የገመዱ ሥራ ገባቸው። የጎበጠው ጭራ እንደ ሞላ ሆኖ በገመዱ አማካይነት የኋላውን ወለል ወደ ላይ ይዞ የሚያቆይ ነበር። የሚያነሣው ያጣው ኋላዋ ቀስ በቀስ ዘቀጠ፣ ማዕበሉ በዚያ በኩል ገባ፣ እሥሩም ይላላ ጀመር። ራ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳ፣ ካሪቢያን ደሴቶች ሊደርሱ ጥቂት ሲቀር፣ ሰዎቿ በሌላ ጀልባ ተወሰዱና ተተወች።

በዓመቱ ሁለተኛዋ ተሠራች። ይህን ጊዜም ደንገሉ የኢትዮጵያ ነው፤ ሠሪዎቹ ግን ከቦሊቪያ፣ ከቲቲካካ ሐይቅ መጡ። የአስተሳሰር ዘዴያቸው የተለየ ነበር። ሁለት ግዙፍ ጥቅል ይሠራሉ፣ በመሐላቸው አንድ ቀጭን ጥቅል ያስገባሉ፣ ከዚያ ሳይቋረጥ በሚዞር ገመድ ትልልቆቹን በቀጭኑ ላይ ይስባሉ። ገመዱ በጠበቀ ቁጥር ሦስቱ አንድ ይሆናሉ። 12 ሜትር የምትረዝመው ዳግማዊት ራ ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሳፊ ተነሥታ በ57 ቀን 6,100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ባርቤዶስ ደረሰች። ዛሬ ኦስሎ ከተማ በሚገኘው የኮን ቲኪ ሙዚየም ትታያለች። የኢትዮጵያ ደንገል እዚያ፣ በኖርዌይ ቅዝቃዜ ውስጥ፣ እስከ ዛሬ እንደታሰረ ነው።

ሄየርዳል ሦስተኛ የቄጠማ መርከብም ነበረው፤ ትግሪስ። እርሷ ከኢራቅ ተነሥታ ጂቡቲ ስትደርስ፣ መጋቢት 25 ቀን 1970 ዓ.ም. በዙሪያዋ ባሉት አገሮች የሚካሄዱትን ጦርነቶች በመቃወም በራሱ በባለቤቷ እጅ ተቃጠለች። በዙሪያዋ ከነበሩት አገሮች አንዷ የእኛዋ ነበረች።

ባለሸራ መርከብ በጡብ መሥራት የሚፈልግ የጎጃም ወጣት እንግዲህ የሌላ አገር የወንበዴ መርከብ መኮረጅ አያስፈልገውም። ራ አለችለት። የሌጎ መጫወቻ ሰው ቁመቱ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከእውነተኛው አርባ እጅ አሳንሶ መሥራት ይስማማል። 15 ሜትር የነበረችው የመጀመሪያዋ ራ 37 ሴንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች፤ በጉብታ ቢቆጠር 47 ያህል። ቀለሟ የደረቀ ሣር ነው። የሸራዋ ምሰሶ እንደ ሌሎች መርከቦች አንድ ግንድ ሆኖ ከመሐል አይተከልም፤ ደንገል ውስጥ ምሰሶ የሚጨብጥ ጠንካራ ነገር የለምና። ሁለት እግር አለው፤ አንዱ በግራ ሌላው በቀኝ ቆመው ጫፋቸው ላይ ይገናኛሉ፣ ክብደቱም ለሁለት ይከፈላል። ሸራው ከአቡጀዲ ይቆረጣል። ስስ የዱቄት ሙጫ ተቀብቶ በቅል ሆድ ላይ ተነጥፎ ቢደርቅ ነፋስ የሞላው ይመስላል።

ጡቡ በቀላሉ አይገኝም፣ ሲገኝም ውድ ነው። ኮምፒውተር የሚያገኝ ተማሪ ግን ያለ አንድ ጡብ ሊነድፍ ይችላል። አውስትራሊያዊው ጄምስ ጄሲማን እ.ኤ.አ. በ1995 የጀመረው ኤልድሮው የተባለ ፕሮግራም ዛሬም በነፃ ይገኛል፤ እያንዳንዱ ጡብ በልኩ ተሥሎ ተቀምጦበታል። ኮምፒውተርም ከሌለ የበቆሎ አገዳ አለ። ከበቆሎ አጨዳ በኋላ በየጓሮው የሚቀረው የደረቀ አገዳ ቀላል ነው፣ ልቡ ለስላሳ ነው፣ ይንሳፈፋል። ልጣጩ ቢላጥ ልቡ በእሾህ ይያያዛል፤ ሳይላጥ በክር ቢታሰር ደግሞ የታንኳ እሥር ይሆናል። ሦስት እሥር ተይዞ፣ ቀጭኑ መሐል ገብቶ፣ ክሩ ሳይቋረጥ እየዞረ ሲጠብቅ የቲቲካካዎቹ ዘዴ ደብረ ማርቆስ ጓሮ ውስጥ ይሠራል።

ጭራዋ በእንፋሎት ለስልሶ ወደ ላይ ይጎብጥ። ከዚያ ከጭራዋ ጫፍ እስከ ወለሏ አንድ ክር ይወጠር፤ ራ ሳትይዘው የሄደችው ያ ገመድ። መርከቧን ውሃ በሞላ ሳፋ ላይ አስቀምጦ ኋላዋን በጣት መጫን፣ ክሩን ፈትቶም ደግሞ መጫን፤ ልዩነቱ ጣት ላይ ይታወቃል።