አምባሰል በተተከለ ጆሮ፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከመርሳ እስከ ወልድያ ሠርግ ቤት ከገቡ ቅኝት ሳይጠራ አይታደርም። አምባሰል መርሳ ያለችበት የሀብሩ ወረዳ ጎረቤት ነው፤ ስሙን ለቅኝት የሰጠ አገር ነው፤ ባቲም እንዲሁ። ዘፈን እንዲህ በሚወደድበት አገር፣ ኮክሌር ኢምፕላንት የሚባል የመስሚያ መሣሪያ ስለተተከለላቸው ሰዎች የሚነገረው የተሳሳተ ወሬ ሰውን ከጨዋታ ስለሚያስቀር መታረም አለበት።

«ከተተከለለት እንደማንኛውም ሰው ይሰማል»

ተረት ነው። ከጆሮ ጀርባ የሚቀመጠው ክፍል ድምፁን በማይክሮፎን ተቀብሎ፣ በማግኔት ራስ ላይ በምትጣበቅ ትንሽ ክብ ነገር በኩል ከቆዳ ሥር ወዳለው መሣሪያ ያሳልፈዋል። ያ መሣሪያ ደግሞ ወደ ውስጠኛው ጆሮ በገባ ቀጭን ሽቦ የመስማት ነርቭን በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ሽቦው ላይ ያሉት ኤሌክትሮዶች እንደየሥሪቱ ከ12 እስከ 22 ገደማ ናቸው። ጤነኛ ጆሮ ለዚሁ ሥራ 3,500 ያህል ሴሎች አሉት። የሚደርሰው መረጃ ንግግር ለመረዳት ይበቃል፤ ለዜማ ግን ያጥራል።

ምት ይደርሳል። ከበሮው መቼ እንዳረፈ፣ ጭብጨባው መቼ እንደፈጠነ ተጠቃሚው ከሌላው ሰው ባልተናነሰ ይለያል። የሚጎድለው የድምፁ ቅጥነትና ውፍረት ነው። አንዳንዱ ግማሽ ድምፅ ያህል ልዩነት ይይዛል፤ ሌላው ግን ሁለቱ ድምፆች በጣም ካልተራራቁ አንድ ይሆኑበታል።

የማሲንቆ ተጫዋችን ጣት ልብ ብላችሁ እዩ። አምባሰል ሲጫወት ከመነሻው ድምፅ ወደሚቀጥለው ለማለፍ ጣቱ የሚሄደው ትንሽ ነው፤ ግማሽ ድምፅ፣ በንዝረት ሲሰላ 6 በመቶ ያህል ጭማሪ። አምባሰልና አንቺ ሆዬ እንዲህ ያለ ጠባብ እርምጃ ሁለት ሁለት አላቸው። ሙሉ ትዝታ ደግሞ ከሙሉ ድምፅ ያነሰ እርምጃ የለውም። ከዚህ ተነሥቼ የምለው፣ ቅኝትን ከቅኝት የሚለየው ነገር ኢምፕላንቱ በሚደክምበት ቦታ ላይ ወድቋል። እስክስታ የሚያስወርደው ምት ግን ኢምፕላንቱ በሚበረታበት ነው።

«እንግዲያው ዘፈን ለእነሱ ጫጫታ ነው»

ይህኛው ከመጀመሪያው ይከፋል፤ ሰውን ሳይጠይቁ ከደስታው ያገሉበታልና። አሜሪካዊው ጸሐፊ ማይክል ቾሮስት እ.ኤ.አ. በ2001 የቀረችውን መስማት አጥቶ ኢምፕላንት ተተከለለት። ከልጅነቱ የሚወደው የራቬል ቦሌሮ በአዲሱ ጆሮው ደብዝዞ ቀረበት። ተስፋ አልቆረጠም፤ ድምፁን በረቀቀ መንገድ የሚያቀነባብር አዲስ ሶፍትዌር እየፈለገ ሄደ፤ ለውጥም አገኘ፤ በ2005 ታሪኩን ጻፈው። ምርጫው ለመሣሪያው የሚመች ነበር፤ በቦሌሮ ከበሮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ምት ይደጋግማል።

እንደ እሱ ካደጉ በኋላ የተተከለላቸው ሰዎች አዲሱን ድምፅ ከሚያስታውሱት ጋር ስለሚያስተያዩት ቅሬታቸው ይበዛል። በሕፃንነቱ የተተከለለት ልጅ ግን የሚያስተያየው የድሮ ድምፅ የለውም። ብዙዎቹ ይዘፍናሉ፣ ይጨፍራሉ፤ ዜማው ቢስትባቸውም ምቱን አይለቁትም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ተሳሳትክ» ብሎ ማስቆም ጭካኔ ነው።

«ድምፁን ከፍ ቢያደርጉት ይገባዋል»

አይገባውም። ጩኸት የጎደለውን ዝርዝር አይጨምርም። ዳስ ውስጥ ኪቦርድ፣ ጊታርና ድምፃዊ በአንድ ስፒከር ሲወጡ ሁሉም ይደባለቅበታል። አንድ ድምፃዊ ከአንድ ማሲንቆ ጋር፣ በቅርብ ተቀምጦ፣ ግጥሙን ቀድሞ በሚያውቀው ዘፈን ቢሰማ ብዙ ይሻለዋል። በዚህ በኩል መንዙማ ይመቻል ብዬ አስባለሁ፤ ቃሉ፣ ድቤውና ጭብጨባው ይበዛል፣ የዜማ መሣሪያው አይበዛም።

«ዛሬ ያልለየውን መቼም አይለየውም»

ይህም ተረት ነው። አንድን ዘፈን ግጥሙን በእጅ ይዞ ለወራት ደጋግሞ ማዳመጥ ለውጥ ያመጣል። በሌላው ጆሮ የቀረ መስማት ካለ ደግሞ ተራው የመስሚያ መሣሪያ ወፍራም ድምፆችን ስለሚያቀብል ዜማውን ለመያዝ ይረዳል። ስለዚህ «አንዱ ከተተከለ የሌላው ጆሮ መሣሪያ ይውለቅ» ቢባሉ፣ ከማውለቅዎ በፊት የጆሮ ሐኪም ያማክሩ።