ሕንጻን ከመፍረስ የሚያድነው ማን ነው?

ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ

በአገራችን ቅርስ መጠበቅ የመንግሥት ሥራ ብቻ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። እኛ በስደት በምንኖርበት በዚህ አካባቢ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከተራው ዜጋ ነው። ሁለት ምሳሌ ላቅርብ፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኦክላንድ የሚገኘው የቻርልስ ግሪን ሕንጻ በ1902 የከተማው ዋና ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተሠራ፤ ለግንባታው ቱጃሩ አንድሩ ካርኔጊ 50,000 ዶላር ለግሰዋል። እስከ 1951 በዚሁ አገልግሎት ቆየ። በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው። በሌላ በኩል ጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን በ1965 የታሪክ ማኅበር አቋቁመው ፎቶግራፍ፣ ሰነድና መጽሐፍ በፈቃደኝነት ይሰበስቡ ነበር። በ1994 ከከተማው ጋር ተስማሙ፤ በ2002 ያ ሕንጻ ታድሶ የጥቁር አሜሪካውያን ቤተ መዘክርና ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ተከፈተ። ልብ በሉ! ሕንጻው ሲታደስ በውስጡ የሚቀመጥ ሀብትና የሚሟገትለት ወገን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ሁለተኛው እዚሁ ሳን ሆዜ ነው። በ1887 የቻይናውያን ሰፈር ሆን ተብሎ በእሳት ጋየ። ሰዎቹ ግን በማግስቱ ዓመት ንግ ሺንግ ጉንግ የተባለውን ቤተ መቅደስና የመሰብሰቢያ አዳራሽ አቆሙ። በ1949 ፈረሰ። የተረፈው መሠዊያው ነው። በ1991 በጎ ፈቃደኞች ገንዘብ አሰባስበው አምሳያውን በከተማው የታሪክ መናፈሻ ውስጥ ገነቡ፤ ዛሬ ቤተ መዘክር ነው። የከተማው ምክር ቤት ስለ ቀድሞው በደል በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ግን ገና በ2021 ነው። አምሳያ እንደ ዋናው አይሆንም፤ ከምንም ግን ይሻላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። ቅርስን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 209 በ1992 ዓ.ም. ወጥቷል። ይህም ሆኖ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ስም ሲፈርስ ነዋሪው ዕቃውን ከማውጣት በቀር ምን አቅም ነበረው? የታጣው ሕግ አይደለም። ስለ ሕንጻው ያለ ፍርሃት ቆሞ የሚጠይቅ ነጻ ማኅበር ነው። እንዲህ ያለው ማኅበር ነጻነት በሌለበት አይበቅልም።

እኛ ግን ያ ነጻነት በእጃችን ነው። በየጋራዣችን በካርቶን የታጨቀውን የተማሪዎች ንቅናቄ መጽሔት፣ በራሪ ወረቀትና ቃለ ጉባኤ፣ የፈረሰውን ሰፈር ፎቶግራፍም ጭምር እንሰብስብ። ቀኑንና ቦታውን እንጻፍበት፣ ማኅበር እንመዝግብ፣ ከከተማው ቤተ መጻሕፍት ጋር በጽሑፍ እንዋዋል። ባለቤቶቹ ካለፉ በኋላ ካርቶኑን ከቆሻሻ የሚለየው አይኖርም።