የቤት ኢንተርኔት ምርጫ ከግቢ ይጀምራል

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱ ኢንተርኔት ማስገባት የፈለገ ሰው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ብዙ የሚያመዛዝነው ነገር አልነበረም። ኢንተርኔት ወደ አገሪቱ ከገባበት ከ1997 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ኔትወርኩ በአንድ የመንግሥት ድርጅት እጅ ነበር። ድርጅቱ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ኢትዮ ቴሌኮም ተብሎ ቢደራጅም ሰዉ ዛሬም «ቴሌ» ነው የሚለው። በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር አቅርቦ ፈቃድ ካገኘና በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን «የትኛው ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየቢሮውና በየካፌው ይሰማል።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን እንደየሰፈሩ ይለያያል። ቤት የሚደርሰውን ኢንተርኔት ጥራት በአብዛኛው የሚወስነው የድርጅቱ ስም ሳይሆን የመጨረሻው ጥቂት ርቀት ነው፤ ከመንገዱ ማከፋፈያ ሳጥን ወይም ከአንቴናው ማማ እስከ ሳሎኑ ያለው። የአንድ ድርጅት አገልግሎት አንዱ ኮንዶሚኒየም ላይ ያለ ችግር እየሠራ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ብሎክ ግን ሲቆራረጥ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከሽያጭ ሠራተኛው በፊት ጎረቤት ቢጠየቅ ይበጃል። ምን ዓይነት መስመር አስገባችሁ? ማታ ማታ ይሠራል? ሲበላሽስ በስንት ቀን መጡላችሁ?

መስመሩ የመዳብ ሽቦ ከሆነ ጉዳዩ የርቀት ነው። በድሮው የስልክ ገመድ የሚመጣው ኢንተርኔት (ኤዲኤስኤል የሚባለው) ለማዕከሉ ቅርብ ለሆነ ቤት በወረቀት እስከ 24 ሜጋቢት በሰከንድ ሊደርስ ይችላል። ርቀቱ በጨመረ ቁጥር ግን ፍጥነቱ እየወረደ ይሄዳል፤ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቤት የሚረባ ነገር ማግኘቱ ያጠራጥራል። መዳብ ክረምትንም አይወድም። ዝናቡ መጋጠሚያው ውስጥ ሲገባ ሽቦው ይዝጋል፣ መብረቅ ሲጥልም ኃይሉ በሽቦው ተጉዞ ሞደም ሊያቃጥል ይችላል። የቤት ስልክ ያለው ሰው ይህን ለመፈተሽ ባለሙያ መጥራት አያስፈልገውም። ጸጥ ባለ ሰዓት እጀታውን አንስቶ ያዳምጥ፤ ከመስመሩ ድምፅ ጋር «ሽሽሽ» የሚል ወይም የሚንጫጫ ነገር ከተሰማ፣ በዚያ ሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔትም መቆራረጡ አይቀርም።

ፋይበር ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። መስመሩ ብርሃን የሚያስተላልፍ ቀጭን የመስታወት ክር በመሆኑ መብረቅ አይስብም፣ አይዝግም፣ በከተማ ውስጥ ባለ ርቀትም ፍጥነቱ አይወርድም። ሰፈሩ ውስጥ ፋይበር ካለና ዋጋው ከአቅም በላይ ካልሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም፤ ለቤተሰብ ከእሱ የሚሻል መስመር የለም። ጠላቱ መቆረጥ ነው። በተለይ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በርካታ የአዲስ አበባ መንገዶችን ቆፍሮ የመብራትና የቴሌ ገመዶችን ወደ መሬት ውስጥ ሲያስገባ፣ ቁፋሮ ያለበት ሰፈር ነዋሪ ይህን ጣጣ በደንብ አውቆታል። ፋይበር ያስገባ ሰው ሞደሙ ላይ ካሉት መብራቶች አንዷን ለይቶ ቢያውቅ ብዙ ድካም ይቀርለታል። «ኤል.ኦ.ኤስ» የሚል ጽሑፍ ያለባት መብራት ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ካለች ብርሃኑ ቤት እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ክሩ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ወይም ታጥፏል። ያን ጊዜ ሞደሙን ደጋግሞ ማጥፋትና ማብራት ጊዜ ማባከን ነው። ወደ ቴሌ 994 ደውሎ «ቀይ መብራት በርቷል» ማለት «ኔት የለም» ከማለት ይልቅ ለቴክኒሻኑ ብዙ ይነግረዋል።

ሦስተኛው መንገድ ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ነው። ቁፋሮ የለው፣ ወረፋ የለው፤ ገዝቶ ሶኬት ላይ ሰክቶ መጠቀም ነው። ቤት የሚቀይርም ተሸክሞት ይሄዳል። ድክመቱ የማማው አቅም ለሰፈሩ ሁሉ የጋራ መሆኑ ላይ ነው። ጠዋት ግቢው ሁሉ ቧንቧ ሲከፍት የውኃው ግፊት እንደሚቀንስ፣ ሰዉ ከሥራ ገብቶ ስልኩንና ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የእያንዳንዱ ድርሻ ያንሳል። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ 30 ሜጋቢት ያሳየ ራውተር ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ 3 ቢያሳይ የተበላሸ ነገር አለ ማለት አይደለም።

ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሁለቱንም ድርጅቶች ሲም አግኝቶ ትንሽ ፓኬጅ መሙላትና፣ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ራውተሩ ሊቀመጥ በታሰበበት ቦታ ላይ ቆሞ በስልክ ፍጥነቱን መለካት ነው። በረንዳ ላይ መለካት ግን ያሳስታል፤ የብሎኬትና የኮንክሪት ግድግዳ ሲግናሉን ስለሚቀንሰው ጓዳ ውስጥ የሚገኘው ቁጥር ሌላ ይሆናል። ልኬቱም ቢያንስ አንድ የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ ወይም እሑድ ቢይዝ ጥሩ ነው።

ስለ ፍጥነት ሲነሳ አንድ ሂሳብ ይህን ያህል ሰው ማደናገሩ ያሳዝናል። ድርጅቶች የሚሸጡት በሜጋቢት ነው፤ ስልክና ኮምፒውተር የፋይል መጠን የሚያሳዩት ደግሞ በሜጋባይት። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ 10 ሜጋቢት ያስገባ ሰው በሰከንድ የሚያወርደው ቢበዛ 1.25 ሜጋባይት ነው። አንድ ጊጋባይት የሚሆን ፊልም ለማውረድ 13 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ብዙ ደንበኛ «አታለሉኝ» ብሎ የሚቆጣው እዚህ ጋ ነው፤ ያልተታለለበት ጊዜ ብዙ ነው። በሌላ በኩል አንድ ቤት የሚያስፈልገው ፍጥነት ማስታወቂያው እንደሚያስመስለው የትየለሌ አይደለም። ኔትፍሊክስ ጥራት ላለው ምስል የሚጠይቀው 5 ሜጋቢት ነው። ሁለት ልጆች ቪዲዮ እያዩ፣ እናት ዋሽንግተን ካለች እህቷ ጋር በምስል እያወራች፣ አባት ኢሜይል ቢልክ 15 ወይም 20 ሜጋቢት እስከ ቤቱ በትክክል ከደረሰ ይበቃቸዋል። ማታ ማታ ወደ 4 ለሚወርድ የ50 ሜጋቢት መስመር ከፍሎ ከመናደድ፣ ሳይዋዥቅ የሚቆይ 15 ማግኘት ይሻላል።

ሰው የሚረሳው ግን የመላኪያውን ፍጥነት ነው። ከቤት ሆኖ ለውጭ ድርጅት የሚሠራ፣ ቪዲዮ ወደ ዩቲዩብ የሚጭን ወይም በዙም የሚያስተምር ሰው የሚያሳስበው ከቤቱ የሚወጣው መረጃ ነው። በመዳብ መስመር ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሜጋቢት አካባቢ ላይ ይቆማል። ውል ከመፈረሙ በፊት «የማውረጃው ስንት ነው? የመላኪያውስ?» ብሎ ሁለቱንም ለየብቻ መጠየቅ ይገባል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ በአገራችን ከዋጋ እኩል መነሳት ያለበት ነው። ፋይበሩ ራሱ በመንገድ ላይ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ ቤት ያለው ሞደም ግን ይፈልጋል። ደግነቱ አብዛኞቹ ሞደሞችና ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ፣ ኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ውስጥ የሚሸጠው ትንሹ የራውተር ዩፒኤስ ለሰዓታት ያቆያቸዋል። ሲገዛ የቮልቱን ቁጥርና የመሰኪያውን ውፍረት ከራውተሩ ጋር ማመሳከር የግድ ነው። በሲም የሚሠራውን ራውተር በተመለከተ ግን የቤቱ ባትሪ ብቻውን አይበቃም። ማማውም መብራት ሲጠፋ በራሱ ባትሪ ወይም ጄነሬተር ካልቀጠለ ሲግናሉ አብሮ ይጠፋል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ ከመስመሩ ሳይሆን ከቤት ውስጥ ነው። ራውተሩ ቡፌ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጀርባ ተሸጉጦ መኝታ ቤት «ዋይፋይ አይደርስም» ይባላል። ባለ 2.4 ጊጋኸርትዙ ሞገድ ግድግዳ ያልፋል፣ ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ይጨናነቅበታል፤ ባለ 5ቱ ፈጣን ነው፣ ግን ሁለት ግድግዳ ካለፈ ይደክማል። ራውተሩን አውጥቶ በቤቱ መካከል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም። ድርጅት ለመቀየር ከመነሳት በፊት አንድ ላፕቶፕ በገመድ በቀጥታ ሞደሙ ላይ ሰክቶ መለካት ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያሳያል።

አሜሪካ ውስጥ ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ወርሃዊውን ዋጋ፣ ተጨማሪ ክፍያዎችን፣ በተለምዶ የሚገኘውን የማውረጃና የመላኪያ ፍጥነት እንዲሁም የዳታ ገደቡን በአንድ ሰሌዳ ላይ ለደንበኛ የማሳየት ግዴታ አለባቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁለት ድርጅቶችን ጎን ለጎን አድርጎ ማወዳደር የሚችለው በዚህ ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም እንዲህ ያለ ሰሌዳ ቢያስገድድ ለደንበኛው ትልቅ ጥቅም ነበር። እስከዚያው ደንበኛው እነዚያኑ ነጥቦች ራሱ መጠየቅ አለበት። በተለይ «ያልተገደበ» የሚለውን ቃል ሲሰማ፣ ከተወሰነ ጊጋባይት በኋላ ፍጥነቱ ይቀንስ እንደሆነ ይጠይቅ።

ተከራይ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የገመድ መስመር በአብዛኛው በአከራዩ ስም የገባ ነው፤ የቀድሞው ተከራይ ያልከፈለው ውዝፍ ካለ አገልግሎቱ ተዘግቶ ይቆይና ዕዳው ለአዲሱ ይተርፋል። ዕቃ ከማስገባት በፊት አከራዩ የመጨረሻውን ወር ደረሰኝ እንዲያሳይ ወይም የመስመሩን ቁጥር ይዞ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ ውዝፍ መኖሩን እንዲያጣራ መጠየቅ ነውር የለውም። አዲስ መስመር የሚያስገባው ተከራዩ ከሆነም፣ ግድግዳ ለመብሳትና ገመድ ለመሳብ የአከራዩን ፈቃድ፣ ሲለቅም መስመሩ የማን እንደሚሆን በኪራይ ውሉ ላይ ማስፈር አለበት። ዓመት ሳይሞላ ቤት ሊቀይር የሚችል ሰው ይህን ሁሉ ከሚያወጣ፣ ማታ ተለክቶ ካለፈ፣ በሲም የሚሠራውን ራውተር ይዞ ቢቆይ ይቀለዋል።