አንድ ድንኳን፣ ሁለት አዛዦች

የወታደር ትዳር ከሚፈተንባቸው ጊዜያት አንዱ የመለያየት ዘመን መሆኑን የዚህ ዓምድ ተከታታዮች አሳምረው ያውቁታል። ዳሩ ግን ሌላም ፈተና አለ፤ እርሱም ተመልሶ አብሮ የመኖር ፈተና ነው። ይህን የተረዳነው አባወራው ከሠራዊቱ በጡረታ ከተሰናበተ በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ኦክላንድ ከተማ የምትኖረውን ልጃችንን ልንጠይቅ በሄድን ጊዜ ነው። ልጃችን መኪናዋንና አንዲት ትንሽ ድንኳን አውሳን፣ በወይን አብቃዩ በሶኖማ ሸለቆ በኩል ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ለሦስት ቀን ጉዞ ሸኘችን።

መጀመሪያ ያረፍነው በሶኖማ ከተማ አደባባይ ነበር። በዚያም ከጭቃ ጡብ የተሠራ አሮጌ የጦር ሰፈር ቆሟል። አገሩ በሜክሲኮ ሥር በነበረበት ዘመን ጄኔራል ማሪያኖ ቫዬሆ ወታደሮቹን ያሰፈረበት ነው። ከግዳጁም አንዱ በባሕሩ ዳርቻ፣ ፎርት ሮስ በተባለው ምሽግ የሰፈሩትን ሩሲያውያን በዓይነ ቁራኛ መጠበቅ ነበር። በአጠገቡ እ.ኤ.አ. በ1823 የተመሠረተው የካቶሊክ ሚሲዮን ይገኛል፤ የሚሲዮኑ ካህናትም በዚያ ወይን ይተክሉ ነበር።

ሸለቆውን ስንያያዘው ከመንገዱ ግራና ቀኝ የወይኑ ሐረግ እንደ ሰልፈኛ ተሰልፏል። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፤ ማታ ከቀዝቃዛው ውቅያኖስ የሚነሣው ጉም ገብቶ ያበርደዋል። ፍሬው ቀስ ብሎ እንዲበስልና ጎምዘዝ ያለ ጣዕሙን እንዳያጣ የሚያደርገው ይኸው መፈራረቅ ነው። ሌሊቱን ሹገርሎፍ ሪጅ በተባለው ፓርክ አደርን። አባወራው «ገመዱን ያዢ! ካስማውን አቀብዪ!» እያለ ድንኳኑን ተከለ። መኪናው ከቆመ በኋላ አንድ አንድ ብርጭቆ ቀይ ወይን ቀዳን። እመቤቲቱ ቀምሳ «ማር የረሳው ጠጅ» አለችው፤ ከዚያ በቀር ግን ዝም አለች። ዝምታዋን አባወራው ለድካም ቆጠረው።

በማግሥቱ የሩሲያን ወንዝ ተከትለን ጄነር ላይ ከባሕሩ ደረስን። ከዚያም ጠመዝማዛውን የባሕር ዳር መንገድ ይዘን ወደ ሰሜን ሶልት ፖይንት ወደተባለው ፓርክ ወጣን። እመቤቲቱ «ከዛፎቹ ሥር እንትከለው፣ ነፋስ አለ» ብትል፣ አባወራው ባሕሩ ወደሚታይበት ገላጣ ቦታ አመለከተ። ትእዛዙም ጸና።

እኩለ ሌሊት ላይ ነፋሱ ካስማዎቹን ነቃቀለ። በባትሪ ብርሃን ሸራውን ግራና ቀኝ ይዘን፣ እየተደናቀፍን ወደ ዛፎቹ ጎተትነው። ድንኳኑ ዳግም ሲቆም እመቤቲቱ ተናገረች።

«ሻለቃ፣ አንተ ግዳጅ ላይ ሳለህ ጣሪያው ሲያፈስም፣ ልጅ ሲታመምም፣ ቤቱን ያቆምሁት ማንም ሳያዘኝ ነው። ዛሬ ካስማ የት እንደሚተከል ጠፋኝ?»

አባወራው ብዙ ቆይቶ መለሰ። «ቤት ስገባ ሁሉም ነገር ያለ እኔ ሲሄድ አገኘሁት። እንደ እንግዳ ሆንሁ። የማውቀው ሥራ ደግሞ ማዘዝ ብቻ ነው።»

ከጡረታው ወዲህ ሁለታችንም በልባችን ይዘነው የኖርነው ነገር ይህ ነበር። ምድጃውን ለኩሰን፣ ቡና አፍልተን፣ እስኪነጋ ተጨዋወትን።

በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ፎርት ሮስን ጎበኘን። ሩሲያውያን እ.ኤ.አ. በ1812 የመሠረቱት ለአላስካ ሰፈሮቻቸው እህል ለማምረትና የባሕር እንስሳ ለማደን ነበር። ወይንም በ1817 ተክለውበታል። ከጥንቶቹ ሕንጻዎች እስከ ዛሬ የቆመው የመጨረሻው ሹም የአሌክሳንደር ሮቼቭ ቤት ነው። ባለቤቱ ልዕልት ኤሌና ጋጋሪና ከአገሯ ርቃ፣ ልጆቿን ይዛ በዚያ ኖራለች። እመቤቲቱ በመስኮቱ አጠገብ ረጅም ጊዜ ቆመች።

ሩሲያውያኑ በ1841 ምሽጉን ሸጠው ሄዱ። ሁለቱ የጦር ሰፈሮች እየተጠባበቁ ዘመናቸውን ፈጸሙ እንጂ አንድም ቀን አልተዋጉም። እኛም በአንድ ጣሪያ ሥር እንደዚያው ስንጠባበቅ ከርመን ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ከግዳጅ የሚመለስ ሁሉ ቤቱን ሲረከብ በቅድሚያ ይጠይቅ፤ ቤት ጠብቃ የቆየችውም ቦታውን ታሳየው። ወደ ኦክላንድ ስንመለስ ካርታውን የያዘችው እመቤቲቱ ነበረች፤ መሪውን የያዘው አባወራውም «በየት ልታጠፍ?» እያለ ይጠይቅ ነበር።