ስኪዞፍሬኒያ በቡታጅራ፦ የሕመሙ ሂደትና ያለዕድሜ ሞት

ስኪዞፍሬኒያ አስተሳሰብን፣ ስሜትንና እውነታን የመረዳት ችሎታን የሚያዛባ፣ ብዙውን ጊዜ በወጣትነት ዕድሜ የሚጀምር ጽኑ የአእምሮ ሕመም ነው። ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማትና በማስረጃ የማይናወጥ የተዛባ እምነት መያዝ ጎልተው የሚታዩ ምልክቶቹ ናቸው። ዝምታ፣ ከሰው መሸሽና ተነሣሽነት ማጣት ግን የዚያን ያህል ትኩረት አይስቡም፤ ይሁን እንጂ ታማሚውን ከሥራና ከማኅበራዊ ሕይወት የሚያርቁት በአብዛኛው እነዚህ ናቸው።

ሕመሙ በታዳጊ አገሮች የተሻለ ውጤት አለው የሚለው አስተሳሰብ በሥነ አእምሮ ሕክምና ዘርፍ ለረጅም ጊዜ ሰፍኖ ቆይቷል። መነሻው የዓለም የጤና ድርጅት በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የጀመራቸውና የናይጄሪያዋን ኢባዳንና የሕንዷን አግራ ያካተቱ ጥናቶች ናቸው። ሰፊው ቤተሰብና የገጠር ኑሮ ታማሚውን ይደግፋሉ የሚል ማብራሪያም ተሰጠ። ነገር ግን የተጠኑት እርዳታ ፍለጋ የቀረቡ ሰዎች ነበሩ፤ ከቤቱ ያልወጣው ታማሚ በናሙናው ውስጥ አልገባም።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በቡታጅራ አካባቢ የተካሄደው ጥናት በአንጻሩ ታማሚውን በክሊኒክ ተቀምጦ አልጠበቀም። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ 68,378 ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው፣ አካባቢውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነዋሪዎች ጥቆማም ታክሎበት፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 321 ሰዎች ተለዩ። ከእነዚህ ውስጥ ከ10ሩ 9 ያህሉ ለሕመሙ የሚሰጠውን ዘመናዊ መድኃኒት ከዚያ በፊት ወስደው አያውቁም ነበር። ከሁለት ሦስተኛ በላይ በሚሆኑት ላይ ሕመሙ ያለፋታ የቀጠለ ነበር። 83 ከመቶ ያህሉ ወንዶች መሆናቸውም አነጋጋሪ ነው። ልዩነቱ ከሕመሙ ባሕርይ ብቻ የመጣ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ከቤት የማትወጣ ዝምተኛ ሴት እንደ ጨዋ እንጂ እንደ ታማሚ ላትታይ ትችላለችና።

ከባዱ ግኝት የመጣው ግን ከክትትሉ ነው። በአምስት ዓመት ውስጥ ከ307 ታማሚዎች 38ቱ ሞተዋል፤ ሲሞቱ አማካይ ዕድሜያቸው 35 ዓመት ነበር። ይህም ከጠቅላላው ሕዝብ ይጠበቅ ከነበረው የሞት መጠን ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ቀዳሚው ምክንያት ራስን ማጥፋት ይሆናል ብሎ የሚገምት አንባቢ ይሳሳታል፤ በግንባር ቀደምነት የተመዘገበው ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ የከፋ የምግብ እጥረትም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

ሕክምናው ከቀረበም በኋላ ረኃቡ ከጉዳዩ አልወጣም። በዚያው አካባቢ ታማሚዎችንና አስታማሚዎችን ያነጋገረ ጥናት እንዳሳየው፣ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎትን ይጨምራል፤ በቤት የሚበላ ሲጠፋ ታማሚው ክኒኑን ይተዋል። በካርዱ ላይ «መድኃኒት አቋርጧል» ተብሎ ሲጻፍ ምክንያቱ ግንዛቤ ማነስ ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል። የመድኃኒት አወሳሰድን የሚለኩ መጠይቆቻችን ታማሚው በዕለቱ መብላት አለመብላቱን ቢጠይቁ ምናልባት ሌላ ምክንያት ባገኙ ነበር።